ሞተሩ ሞቆ የሚጠብቃችሁን መኪና ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ለቤተሰብ የሚሆን የቅንጦት ኤስዩቪ ለመግዛት ለምታስቡ ነው። በተለይ የተወሰኑ ዓመታት የሠራ፣ ዋጋው ከአዲሱ ከግማሽ በታች የወረደ፣ ባለ ሰባት መቀመጫ እያያችሁ ላላችሁ። እኛ ገዝተነዋል። ዓመት ከአራት ወር ነድተነዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለጥገና ብቻ ያወጣነው የመግዣውን ሲሶ አልፏል። ሌላ ቤተሰብ እንደኛ እንዲሆን አልፈልግም። ጽሁፉ ይረዝማል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ የመጣው ሦስተኛዋ ልጃችን ስትወለድ ነው። ሦስት የልጅ መቀመጫ በአሮጌዋ መኪናችን የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አልገባ አለ። እናቴም አብራን ነው የምትኖረው። ባለቤቴ ከመጀመሪያው "ለእኛ ቫን ይሻለናል" ብሎ ነበር። ዓይኔ ከኤስዩቪው አልነቀል ያለው እኔ ነኝ። ከፍ ያለ ነው፣ ጠንካራ ይመስላል፣ ልጆቼ እዚያ ውስጥ ቢሆኑ አንድ ነገር አይነካቸውም ብዬ አሰብኩ። ሻጮች የወላጅን ፍርሃት በደንብ ያውቁታል።

ልናየው የሄድነው አመሻሽ ላይ ነው። ስንደርስ ሞተሩ ተነስቶ ጠበቀን። ሻጩ ትሑት ሰው ነው። "ልጆች ይዛችሁ ስለምትመጡ ውስጡ እንዲቀዘቅዝላችሁ ብዬ ኤሲ ከፍቼ ነው" አለን። አመሰገንነው። ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ። ቆዳው ይሸታል፣ ጣሪያው ሙሉ መስታወት ነው፣ በሩ ሲዘጋ ድፍን ያለ ድምፅ አለው። ዞር ዞር አድርገን ነዳነው። ምንም እንከን አላገኘንበትም። ስንመለስ "ነገ ጠዋት ቀብድ ይዞ የሚመጣ ሌላ ገዢ አለ" ተባልን። በዚያው ምሽት ከፈልን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ትልቁ ልጄ ከውጭ ሮጦ ገባና "እማዬ፣ መኪናው ተኝቷል" አለኝ።

ወጥቼ አየሁት። እውነትም ተኝቷል። የኋላው ግራ ጎን ወርዶ ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቷል። ጣቴን በመሃላቸው ላስገባ ሞከርኩ፣ አልገባም። በቀኝ በኩል ግን መዳፌ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ባለቤቴ ሞተሩን ሲያስነሳው ከሥር እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ። ቀስ እያለ ተነሳና እኩል ሆነ። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ያን ቀን ሞተሩን አስነስቶ የጠበቀን ለዚህ ነው" አለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብዙ የቅንጦት ኤስዩቪዎች በብረት ሞላ ፋንታ አየር በተሞላ የላስቲክ ከረጢት ላይ ነው የሚቆሙት። አየር ሰስፔንሽን ይሉታል። አዲስ ሲሆን በጣም ይመቻል፣ ጉድጓዱን አይነግራችሁም። ግን ላስቲክ ያው ላስቲክ ነው፤ በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ትንሽ ሲያፈስ ሌሊት ይተኛል፣ ጠዋት ኮምፕሬሰሩ ነፍቶ ያነሳዋል። እንዲህ እያለ ሲሰነብት ኮምፕሬሰሩ ከአቅሙ በላይ ይሠራና እሱም ይቃጠላል። ስለዚህ አንድ ከረጢት ተበላሸ ማለት አንድ ወጪ ማለት አይደለም። እኛ መጀመሪያ ግራውን ቀየርን። በሁለት ወሩ ቀኙ ተከተለ። ቀጥሎ ኮምፕሬሰሩ ሄደ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው በእኛ ደረሰ። እናንተ ግን ጠርጥሩ። መኪና ልታዩ ስትቀጠሩ "ሞተሩን አታስነሱት፣ ቀዝቃዛውን ማየት እፈልጋለሁ" በሉ። እንደደረሳችሁ ሰላምታው ሳያልቅ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከሆነ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ጠዋት አዙሩት። አራቱንም ጎማ ከፓራፋንጎው ያለውን ክፍተት በእጃችሁ ለኩ። የሞቀ ሞተር የሚደብቀው ሰስፔንሽኑን ብቻ አይደለም። የደከመ ባትሪ፣ ሲነሳ የሚወጣ ጭስ፣ ዘይት እስኪደርሰው የሚንኳኳ ሞተር፣ ገና ሳይሞቅ ማርሽ ሲቀይር የሚደነግጥ ካምቢዮ፣ ሁሉም የሚታወቁት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሻጩ ቅር ካለው ቅር ይበለው። ቀና ሻጭ በዚህ አይከፋም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። የቅንጦት መኪና ዋጋው በፍጥነት ይወርዳል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። መኪናውን በግማሽ ዋጋ ብትገዙትም የፊት መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ ኮምፕሬሰሩን የምትገዙት ለአዲሱ መኪና በተተመነው ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ሙሉ ዋጋውን ሲከፍል የፋብሪካ ዋስትናም ነበረው። እኛ የገዛነው ዋስትናው ካለቀ በኋላ፣ ዕቃው ማርጀት በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። እኔ ግን ያኔ ሌላው ሰው ያላየውን ዕድል ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

"ዋስትና አለው" የሚላችሁ ሻጭም ይኖራል። እኛም ወረቀት ተሰጥቶናል። ሰስፔንሽኑ ሲበላሽ አውጥተን ስናነብ የሚሸፍነው ሞተሩንና ካምቢዮውን ብቻ ነው፤ "በአገልግሎት የሚያልቁ ክፍሎች" አይሸፈኑም ይላል። ላስቲክ ደግሞ በአገልግሎት የሚያልቅ ነው ተባልን። ከሥሩ "ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ" የሚል መስመር አለ፣ የእኔ ፊርማ አርፎበታል። ልጅ አቅፌ ነበር የፈረምኩት። እባካችሁ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። ወረቀቱን አታወጡም የሚል ካለ ጥላችሁት ሂዱ።

ጎማው ሌላ ጉድ ነው። ትላልቅ ቸርኬዎች ያምራሉ። 20 ወይም 21 ኢንች ሲሆን የጎማው ጎን ይቀጥናል፣ ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬው ቶሎ ይጎዳል። የእኛ አንዱ ጎማ በጎኑ ተቀደደ። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይለጠፍም። ጎሚስታው አንዱን ብቻ መቀየር እንደማይበጅ አስረዳን። አራቱም ጎማ በሚጎትትበት መኪና ላይ አንዱ ጎማ አዲስ፣ ሌላው የተበላ ከሆነ የዙሪያቸው ልክ ይለያያል። ኃይሉን የሚያከፋፍለው ክፍል ልዩነቱን ለማቻቻል ያለ እረፍት ይታገላል፣ በመጨረሻ ይጎዳል። አራቱንም ቀየርን። በመኪናው መመሪያ ደብተር ላይ ለዚያው ሞዴል የሚሆኑ አነስ ያሉ ቸርኬዎች ከተጻፉ፣ ያ ዓይነቱን ፈልጉ። ከውበቱ ትንሽ ይጎድላል፣ ምቾቱ ግን እንዲያውም ይጨምራል።

ስለ ካምቢዮ ዘይት ደግሞ "የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም" የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። አትመኑ። በብዙ የቅንጦት ኤስዩቪዎች ላይ የሚገጠመውን ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ የሚሠራው የጀርመኑ ኩባንያ ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል። ሻጩን መቼ እንደተቀየረ ጠይቁት። የሚያሳያችሁ ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ።

የመስታወት ጣሪያ ያለው ከሆነ ጥግ ጥጉ ላይ ውሃ የሚያወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ቅጠልና አቧራ ይደፍናቸዋል፣ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ምንጣፉ ሥር ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች ያበላሻል። ምንጣፉን በእጃችሁ ተጫኑት፣ እርጥበት ካለ ይታወቃችኋል። የፊት መስታወቱም ካሜራ ያለበት ከሆነ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፣ ያ ለብቻው ይከፈልበታል።

ሻጩ የዳሽቦርዱን የብልሽት ምልክት አጥፍቶ ሊጠብቃችሁም ይችላል። ግን ሲያጠፋው ኮምፒዩተሩ የራሱን ፍተሻዎች ከሀ እንዲጀምር ይገደዳል። የራሳችሁ መካኒክ በማንበቢያ መሣሪያ ሲያየው ፍተሻዎቹ "አልተጠናቀቁም" ካለ፣ ወይ ባትሪው በቅርቡ ተነቅሏል ወይ ስህተቱ ተሰርዟል። ጠይቁ፣ ለምን? በሻሲው ቁጥርም የአምራቹን ጥሪ፣ ማለትም ጉድለት አግኝቶ ለጥገና የጠራው መኪና መሆን አለመሆኑን አጣሩ። 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ታካታ የሠራቸው የኤርባግ መንፊያዎች ሲፈነዱ ብረት እየረጩ ሰው ስለገደሉ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ተጠርተዋል፣ የቅንጦት ስም ያላቸውም በውስጡ አሉ። ጥሪው የሚጠገነው በነፃ ነው። ግን ብዙ ያገለገሉ መኪኖች ሳይጠገኑ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋሉ። ልጅ የሚጫንበት መኪና ላይ ይህን ሳያጣሩ መግዛት አይገባም።

በጣም የቆጨኝ ግን መቀመጫው ነው። ሰባት ሰው ይጭናል ተብሎ ገዛነው። ሦስተኛው ረድፍ ግን ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበት ደረት ጋ ይደርሳል። እናቴ አንድ ቀን ተቀመጠችበት። ለመውጣት የፊተኛውን ወንበር አጥፈን፣ እጇን ይዘን ጎተትናት። ምንም አላለችም። ከዚያ በኋላ ግን አብራን መሄድ ተወች፤ "ቤት እጠብቃችኋለሁ" ትላለች። ሁለቱን የኋላ ወንበሮች ስትዘረጉ ደግሞ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ የሕፃን ጋሪ አይችልም። የልጅ መቀመጫ የሚታሰርበት አይሶፊክስም በሁለተኛው ረድፍ ዳርና ዳር ብቻ ነበር ያለው። ሦስት የልጅ መቀመጫ የማይገባበት ችግር ይዘን ሄደን፣ ያንኑ ችግር በትልቅ መኪና ይዘን ተመለስን።

ስለዚህ ልታዩ ስትሄዱ የልጅ መቀመጫዎቻችሁን፣ ጋሪውን፣ አያትንም ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው እሰሩት፣ እዚያው ጫኑት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ራሳችሁ ገብታችሁ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። የልጁ ጭንቅላት ከኋላ መስታወቱ ምን ያህል እንደሚርቅ እዩ። የጎን መጋረጃ ኤርባጉ እስከዚያ ረድፍ ይደርስ እንደሆነ መመሪያ ደብተሩ ላይ ፈልጉ። በግጭት ፈተና ስለሚሰጠው የደህንነት ኮከብ ሲነገራችሁም ፈተናው በየትኛው ዓመት እንደተደረገ ጠይቁ፤ መመዘኛው በየጊዜው እየጠነከረ ስለሚሄድ የድሮ አምስት ኮከብና የዛሬው አንድ አይደሉም።

ታዲያ ጨርሶ አይገዛም ወይ? አዲሱን ገዝቶ ዋስትናው ሳያልቅ ለሚሸጥና የዋጋውን መውረድ ለሚችል ሰው ጥሩ መኪና ነው፣ አልክድም። ረጅም መንገድ ላይ ልጆቹ እንደዚያ ተኝተው አያውቁም። ያገለገለ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ግን የብረት ሞላ ያለውን፣ ቸርኬው ትልቅ ያልሆነውን፣ የጥገና ደረሰኙ የተሟላውን ፈልጉ። ለአንድ ትልቅ ብልሽት የሚሆን ገንዘብም ከመግዣው ለይታችሁ አስቀምጡ። ያ ገንዘብ ከሌለ መኪናው አቅማችሁ አይደለም፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ። ብዙ ልጅ ላለው ደግሞ ባለቤቴ ልክ ነበር፤ ተንሸራታች በር ያለው ቫን ይበልጣል።

እኛ ባለፈው ወር ሸጥነው። ያለበትን ሁሉ ጽፈን ነው ያቀረብነው፣ የመጣብንን በሌላ ላይ ማድረግ አልሆነልንም። ብዙ ሰው ደወለ፣ ሲያነብ ተወው። በመጨረሻ የገዛን ራሱ መካኒክ ነው። ስልክ ላይ ስለ ዋጋው ከማውራቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነን፦ "ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ እባካችሁ እስክደርስ ሞተሩን አታስነሱት።"