ኖቫ ጀምሮ ሜሰን መጨረስ፣ ቀጥታ ሜሰን መግባት ወይስ ኦንላይን? ከመመዝገባችሁ በፊት የክሬዲቱን ሂሳብ እንሥራ

በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር አበሾች ስለ ኮሌጅ ስናወራ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ያው ነው። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ኖቫ) ይሻላል ወይስ ቀጥታ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ? መልሱ እንደ መላሹ ነው። ልጁን ሜሰን ያስገባ ሜሰንን ያመሰግናል። በኖቫ ያለፈ ኖቫን ይመክራል። ሥራ እየሠራ ኦንላይን የጨረሰ ደግሞ «ምን ያደክማችኋል?» ይላል። ሁሉም ያየውን ነው የሚናገረው። እኔ ግን ከትምህርት ቤቱ ስምም ከዋጋውም በፊት አንድ ነገር ይታይ እላለሁ። የምትከፍሉበት ክሬዲት ለምትፈልጉት ዲግሪ ይቆጠራል ወይ? 200 ዶላር የተከፈለበት የማይቆጠር ክሬዲት፣ 450 ዶላር ከተከፈለበት ከሚቆጠረው ይልቅ ውድ ነው። ገንዘቡም ጊዜውም ሄዷል፤ ዲግሪው ግን አልቀረበም።

መጀመሪያ ስለ ክሬዲቱ ራሱ። አብዛኛው ክላስ 3 ክሬዲት ነው። ይህ ማለት በሳምንት ሦስት ሰዓት ገደማ ክላስ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ንባብና የቤት ሥራ ነው። ሴሚስተሩ 15 ሳምንት ያህል ይቆያል። አሶሼት ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ማለትም ባችለር፣ አብዛኛውን ጊዜ 120 ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ለፌዴራል የገንዘብ እርዳታ በሴሚስተር 12 ክሬዲት የወሰደ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይባላል። ስለዚህ ልጆቻችን 12 ይወስዱና በአራት ዓመት የሚመረቁ ይመስላቸዋል። 12ን በስምንት ሴሚስተር ብታባዙት 96 ነው። 24 ክሬዲት ይጎድላል፤ ያ ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት ነው። በአራት ዓመት ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ክረምት ላይ ማካካስ ነው። በሌላ በኩል 15 ክሬዲት በሳምንት 45 ሰዓት ሥራ ነው። ሙሉ ጊዜ እየሠራ ወይም ኡበር እየነዳ 15 የሚመዘገብ ሰው በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ ቃል መግባቱ ነው። እንዲህ ላለው ሰው 6 ወይም 9 ወስዶ በጥሩ ውጤት ማለፍ ይበልጣል። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታም በወሰዳችሁት ክሬዲት ልክ ይሰጣል እንጂ ጨርሶ አይቀርም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኖቫ ለቨርጂኒያ ነዋሪ በአንድ ክሬዲት ወደ 200 ዶላር ይጠጋል። 60 ክሬዲት ማለት 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ሜሰን ለቨርጂኒያ ነዋሪ የዓመቱ ክፍያ 14 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ኖቫ፣ ሁለት ዓመት ሜሰን ቢሆን ድምሩ 40 ሺህ ይሆናል። አራቱም ዓመት ሜሰን ከሆነ 56 ሺህ። ልዩነቱ ወደ 16 ሺህ ዶላር ነው። ልጁ ካምፓስ ውስጥ ልኑር ካለ ደግሞ በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይጨመራል።

ፔል ግራንት ሲገባበት ግን ሂሳቡ ይለወጣል። ለ2025–26 ከፍተኛው ፔል 7,395 ዶላር ነው። ይህን ሙሉውን የሚያገኝ ልጅ ኖቫ ውስጥ የዓመቱን 30 ክሬዲት ከፍሎ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ይተርፈዋል። ሜሰን ላይ ግማሹን ያህል ይሸፍንለታል። የቀረውን ግን የስቴቱ እርዳታና የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ሊያቀልለት ይችላል። ስለዚህ የዋጋ ዝርዝር አይታችሁ ብቻ አትወስኑ። ፋፍሳን፣ ማለትም የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻውን፣ ስትሞሉ እስከ 20 ትምህርት ቤት ማስገባት ይቻላል። ሁለቱንም ጻፉ፤ የሚልኩትን የእርዳታ ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጡና ከኪስ የሚወጣውን አወዳድሩ። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ልጅ፣ በሃይስኩል ጥሩ ውጤት ካለው፣ አንዳንዴ ልዩነቱ ከተገመተው በጣም ያንሳል። ለአዲስ ፍሬሽማን ከሚሰጠው ስኮላርሺፕ ብዙው በትራንስፈር፣ ማለትም ከሌላ ኮሌጅ ተሻግሮ፣ ለሚገባ ተማሪ እንደማይሰጥም አትርሱ።

ኖቫ የሚያተርፈው መንገዱን ከመጀመሪያው ላወቀ ሰው ነው። ለትራንስፈር የተሠሩ ዲግሪዎች አሉ፤ ሥራ ለመግባት የተሠሩም አሉ። አሶሼት ኦፍ ሳይንስ እና አሶሼት ኦፍ አርትስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የተዘጋጁ ናቸው። አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ግን ቀጥታ ሥራ ለመግባት ነው። የስማቸው መመሳሰል ነው ሰዉን የሚያሳስተው። ኖቫ ውስጥ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚባለው አሶሼት ኦፍ ሳይንስ ነው። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ቴክኖሎጂ የሚባለው ደግሞ አፕላይድ ሳይንስ ነው። ሁለቱም «አይቲ» ይባላሉ። የሁለተኛውን 60 ክሬዲት ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉም ክሬዲት በባችለሩ ላይ ላይቆጠርለት ይችላል። ሜሰን ለተወሰኑ የአፕላይድ ዲግሪዎች የሚሆን ባችለር ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ አለው፤ ግን የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ አይደለም። ስለዚህ አድቫይዘሩ (የትምህርት አማካሪው) ጋ ስትሄዱ «አይቲ ልማር» አትበሉ። የዲግሪውን ሙሉ ስም ጥሩ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሂሳብ ነው። ኖቫ ውስጥ ሂሳብ 154 ለማኅበራዊ ሳይንስና ለመሰል ሜጀሮች (ዋና የትምህርት ዘርፎች) ይሆናል። ቢዝነስ የሚማር 261 ያስፈልገዋል። ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ደግሞ 263ን፣ ማለትም ካልኩለስ አንድን፣ ከዚያም ቀጣዮቹን ይጠይቃሉ። «154 ይቀላል፣ እሱን ውሰድ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ሜጀራችሁ ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆነ ግን 154 ለዲግሪው አንድ እርምጃ አያስኬዳችሁም። ክሬዲቱ ትራንስክሪፕት ላይ ይታያል። ግን የሚያስፈልገውን ቦታ አይሞላም። «ክሬዲቴን ተቀብለውታል» እና «ክሬዲቴ ለሜጀሬ ተቆጥሯል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለዚህ ጥሩ መድኃኒት የሚሆነው ኖቫና ሜሰን በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የተባለ ፕሮግራም ነው። በየሜጀሩ ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ ባችለሩ መጨረሻ የሚወሰዱት ክላሶች ተጽፈው ይሰጣችኋል። የሚከታተላችሁ ሰውም ይመደብላችኋል። ስትሻገሩ እንደ አዲስ ማመልከቻ መሙላት የለም። ብዙ ክሬዲት ከመሰብሰባችሁ በፊት፣ ገና ስትጀምሩ ግቡበት። ሜሰንን የማይፈልግም መንገድ አለው። ኖቫ ከሌሎች የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተረጋገጠ ቅበላ የሚባል ስምምነት አለው፤ የሚጠየቀው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል። አሶሼቱን ሳይጨርስ መሻገር ለሚፈልግም ስቴቱ ፓስፖርት የሚባል 16 ክሬዲት እና ወደ 30 ክሬዲት የሚሆን የጄኔራል ስተዲስ ሰርተፊኬት አዘጋጅቷል።

ስለ ጂፒኤ አንድ ነገር። ከኖቫ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሻገሩ ክሬዲቱ እንጂ ውጤቱ አብሮ አይሄድም። በአብዛኛው ሲ እና ከዚያ በላይ ያገኛችሁበት ክላስ ይገባል፤ ጂፒኤው ግን አዲሱ ትምህርት ቤት ከዜሮ ይጀምራል። ኖቫ ላይ ለተንገዳገደ ሰው ጥሩ ዕድል ነው። ኖቫ ላይ 4.0 የነበረው ግን አዲሱን ጂፒኤ የሚሠራው በቀሩት ሁለት ዓመታት፣ ያውም ከበድ በሚሉት የ300 እና የ400 ደረጃ ክላሶች ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የ100 እና የ200 ደረጃ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ኖቫ ውስጥ 90 ክሬዲት ብታከማቹ የማይጠቅማችሁ። ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ የራሱን ድርሻ ይጠይቃል።

ታዲያ ቀጥታ ሜሰን መግባት ለማን ነው? የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ሃይስኩል እዚህ ጨርሶ ጥሩ ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ ይግባ። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ተከታታይ ክላስ ያለው ሜጀር የመረጠ፣ በተለይ ኢንጂነሪንግ፣ ይግባ። ከፕሮፌሰሮች ጋር ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት፣ ኢንተርንሺፕ መፈለግ የሚፈልግም እንዲሁ፤ አራት ዓመት ከሁለት ዓመት ይሻላል። ሜጀሩን ገና ያልወሰነ ልጅ ግን በ14 ሺህ ዶላር ከሚያስብ በ6 ሺህ ቢያስብ ይሻላል። ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጣና እንግሊዝኛው ላልጠነከረም ኖቫን እመርጣለሁ። የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ክላሶች ለዲግሪ እንደማይቆጠሩ ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ጊዜ ይወስዳሉ። አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን ከ120ው ውስጥ አይደሉም።

ሦስተኛው ምርጫ ኦንላይን ነው። በተለይ አይቲ ውስጥ የሚሠሩ ወገኖቻችን ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲን ይመርጣሉ። በ1997 በምዕራብ ስቴቶች ገዢዎች የተመሠረተ፣ ሕጋዊ እውቅና ያለው ትምህርት ቤት ነው። አሠራሩ ከሌሎቹ ይለያል። በክሬዲት አትከፍሉም፤ ለስድስት ወር አንድ ክፍያ፣ በብዙ ፕሮግራሞች 4 ሺህ ዶላር ግድም ትከፍላላችሁ። በዚያ ጊዜ የቻላችሁትን ያህል ኮርስ ትጨርሳላችሁ። ፈተናውን ወይም ፕሮጀክቱን ካለፋችሁ አለፋችሁ፤ ሳምንት መቁጠር የለም። ኮምፕቲያ የሚባለው የአይቲ ሰርተፊኬት ያለው ሰው ለአንዳንድ ኮርሶች ይቆጠርለታል። የአፕላይድ ሳይንስ አሶሼት ያለውም ብዙ ጊዜ እዚህ ይቀናዋል። ሥራውን ለሚያውቅ፣ ወረቀቱ ብቻ ለጎደለው ሰው ከዚህ የሚፈጥንና የሚረክስ መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ብቻውን ማንበብ ለሚከብደው ግን ስድስት ወሩ ሳይታወቀው ያልፋል፤ ክፍያውም እንደገና ይጀምራል። ውጤቱ በኤ እና በቢ አይሰጥም፤ ማለፍ እንደ 3.0 ይቆጠራል። ወደፊት ከባድ ውድድር ያለበት ማስተርስ ወይም ሕክምና የሚያስብ ይህን ያመዛዝን። ለ18 ዓመት ልጅ አልመክረውም።

ነርሲንግን ለብቻ ላንሳ፤ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው እሱን ነውና። ኖቫ መግባት ነርሲንግ መግባት አይደለም። መጀመሪያ አናቶሚን የመሳሰሉ ቅድመ ኮርሶች ይወሰዳሉ፤ ከዚያ ስፕሪንግፊልድ ላለው የሕክምና ካምፓስ በውድድር ይገባል። የኖቫው ነርሲንግ አፕላይድ ሳይንስ ነው። እዚህ ጋ ግን ከላይ ያልኩት ስጋት ይቀንሳል። አሶሼት ያላትም ባችለር ያላትም የሚፈተኑት ያንኑ የነርሶች የፈቃድ ፈተና ነው፤ የሚያገኙትም ያንኑ ፈቃድ ነው። ከዚያ በኋላ እየሠሩ ወደ ባችለር የሚያሻግሩ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለር ስለሚመርጡ መሻገሩ አይቀርም። አሠሪው ሲከፍል መሻገር ግን ከኪስ ከመክፈል በእጅጉ ይሻላል። ልጅ ላላት፣ ቶሎ ደሞዝ ለሚያስፈልጋት እናት የኖቫው መንገድ ጠንካራ ምርጫ ነው።

ኢትዮጵያ የተማራችሁ ደግሞ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ኢትዮጵያ ባችለር ያገኘ ሰው ፔል ግራንት አያገኝም። የውጭ አገር ዲግሪም ዲግሪ ነው፤ ፋፍሳ ላይ መደበቅ ደግሞ ችግር ያመጣል። ብድር ግን ይቻላል። ሁለተኛ፣ ትራንስክሪፕታችሁን ስታስገመግሙ ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ዓይነት እዘዙ፤ ጠቅላላ ግምገማው ርካሽ ቢሆንም ክሬዲት ለማስቆጠር አይረዳም። ኢሲቲኤስ በሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር የተማራችሁ ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ 2 ኢሲቲኤስ እንደ 1 የአሜሪካ ክሬዲት ነው የሚታየው። ዲግሪ ኖሯችሁ ዘርፍ ብቻ መቀየር የምትፈልጉ ደግሞ ሁለተኛ ባችለር ከመጀመራችሁ በፊት ማስተርስ የሚቀበላችሁ እንዳለ ጠይቁ። የሦስት ዓመት ዲግሪን ሁሉም አይቀበሉም፤ የሚቀበሉ ግን አሉ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ በዲቪ የመጣችሁትን ጨምሮ፣ እንዲሁም ጥገኝነታችሁ የጸደቀላችሁ የፌዴራል እርዳታ ማመልከት ትችላላችሁ። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ካላችሁ ፌዴራሉ አይሰጥም። ቨርጂኒያ የነዋሪ ክፍያ የሚፈቅደው ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር መኖሪያውን እዚህ ላደረገ ሰው ነው። ከሌላ ስቴት የመጣ ኖቫ ላይ እጥፍ ያህል ሊከፍል ይችላል፤ ስለዚህ መንጃ ፈቃድና ታክስ ቶሎ ማዛወር ይጠቅማል። ክላስ ማቋረጥ ካለባችሁም ቀኑን ተመልከቱ። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ክላስ የተወ ሰው ከእርዳታው ከፊሉን እንዲመልስ ይደረጋል። ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት ሁለት ሦስተኛውን ካላለፋችሁ ደግሞ የሚቀጥለው እርዳታ ሊታገድባችሁ ይችላል።

ሜሪላንድ ያላችሁ ስሙን ብቻ ቀይሩት። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እንደ ኖቫ ነው። ሮክቪል ያለው ሼዲ ግሮቭ ደግሞ የተለያዩ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት እዚያው የሚያስተምሩበት ግቢ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመክፈላችሁ በፊት ለምትሻገሩበት ዩኒቨርሲቲ አድቫይዘር ኢሜይል ጻፉ። የምትወስዱትን ክላስ ቁጥርና የምትፈልጉትን ሜጀር ጥቀሱ። ክላሱ የዲግሪውን የትኛውን መስፈርት እንደሚሞላ በግልጽ ጠይቁ። ኖቫ ላለው አድቫይዘር ብቻ አትጠይቁ፤ ክሬዲቱን የሚቆጥረው ሌላኛው ነው። መልሱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ስትሻገሩ ክርክር ቢነሳ የምታሳዩት እሱን ነው።