ተኝቶ መታከም ወይስ ተመላልሶ? ሱስና ድብርት ሲደራረቡ

በአሜሪካ የመጠጥ ሱስና ድብርት የተደራረቡበት ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል፤ ማእከል ገብቶ መታከም ወይም እቤቱ እያደረ የተጠናከረ የተመላላሽ ሕክምና መከታተል። ተመላላሹ ለአዋቂ በሳምንት ከ9 እስከ 19 ሰዓት ነው፤ ለምሳሌ ሦስት ምሽት፣ በየምሽቱ ሦስት ሰዓት። ሥራ አይቋረጥም።

ከሥራው በፊት ግን ሰውነቱ ይታይ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በ48 ሰዓት ውስጥ ሊያንፈራግጠው ይችላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና ትኩሳት ሊከተሉ ይችላሉ። ይህ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ሲያቆም ያንፈራገጠው ወይም ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ተኝቶ ይጀምር። ጠርሙስ ከማይጠፋበት ቤት የሚኖርም እንዲሁ።

ተመላላሹ የሚበልጠው በልምምድ ነው። ቅዳሜ ሠርግ ላይ «አንድ ብቻ፣ በሞቴ!» ተብሎ የተቀዳለትን ብርጭቆ እንዴት እንደመለሰ፣ ወይም ለምን እንዳልመለሰ፣ ሰኞ ማታ አብሮት ከሚታከመው ቡድን ጋር ይነጋገርበታል። ማእከል ውስጥ ይህ ፈተና የለም፤ ቀጣይ ቀጠሮ ሳይያዝለት የተሸኘ ሰው ቶሎ የሚያገረሽበትም ለዚህ ነው። ተኝቶ የጀመረም ሲወጣ ወደ ተመላላሹ ቢሸጋገር እንመርጣለን።

ከመመዝገብዎ በፊት ለድብርቱ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እዚያው መኖሩን ይጠይቁ። «መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ ድብርቱ ይደርሳል» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ያልታከመ ድብርት መልሶ ወደ መጠጡ ይገፋል። አስተርጓሚም ይጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም በነፃ ማቅረብ አለበት። ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ ልጅ ፊት የማይነገር ብዙ ነገር አለ።