«ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ» የሚል የዳይት ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት

ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ። ክብደት ለመቀነስ የሚሆናችሁን አመጋገብ እየፈለጋችሁ ከሆነ፣ «ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ ፕሮግራም» የሚባለው ሽያጭ ስልካችሁ ላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም። እኔና ታናሽ እህቴ ገዝተነዋል። የሻጩን ስም አልጠራም። ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም፤ ያው ነገር ስሙ እየተቀያየረ ነው የሚሸጠው። አሠራሩን ግን እነግራችኋለሁ።

አጀማመሩ ደስ ይላል። ጥያቄ ይጠይቃችኋል። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ ማታ ማታ ምግብ ያምራችኋል ወይ፣ ቦርጫችሁ ምን ይመስላል። ጥያቄው አያልቅም። መብዛቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ የመለሰ ሰው «ይሄን ያህል ከደከምኩ በኋላማ» ብሎ ጥሎ አይወጣም። ከዚያ «ፕሮግራምዎ እየተዘጋጀ ነው» የሚል መስመር ይሞላል። 40 በመቶ፣ 70 በመቶ፣ 100። ቀጥሎ ክብደታችሁ ቁልቁል ሲወርድ የሚያሳይ ግራፍ ይመጣል፤ የምትደርሱበት ቀን ሳይቀር ተጽፎበታል። ከሥሩ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ቅናሹ ሊያልቅ ነው፣ ፍጠኑ ነው ነገሩ። ገጹን ዘግታችሁ ብትመለሱ ግን ሰዓቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እኔና እህቴ የሞላነው መልስ ለየቅል ነበር። እሷ ከእኔ በብዙ ኪሎ ትቀላለች። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውልበት ነው። ዓሣ አልበላም ብላም ሞልታለች። እኔ ወንበር ላይ የምውል ሰው ነኝ። የመጣልንን ፕሮግራም ጎን ለጎን አድርገን አየነው። የቀኑ የካሎሪ ቁጥር ትንሽ ይለያያል። ምግቡ ግን ከሰኞ እስከ እሑድ አንድ ነው። የፊደል ግድፈቱ እንኳ አንድ ነው። የእሷም ረቡዕ ላይ ዓሣ አለ።

«ታዲያ በትክክል ለሰው ለሰው የሚያዘጋጅ ሌላ ሻጭ ብናገኝስ?» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ነገር ያለው። በ2018 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ፤ የመሩት ክሪስቶፈር ጋርድነር ናቸው። 609 ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹ ስብ ቀነሰ፣ ግማሹ ካርቦሃይድሬት ቀነሰ። ከአንድ ዓመት በኋላ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ወርደዋል። ይህ ልዩነት እንደ ልዩነት የሚቆጠር አይደለም። ተመራማሪዎቹ የሰዎቹን ጂንና የኢንሱሊን ሁኔታም ለክተው ነበር። ለማን የትኛው አመጋገብ እንደሚስማማ ከዚያ ተነስተው መገመት አልቻሉም። በየቡድኑ ውስጥ ግን ሰፊ ልዩነት ነበር፤ ከ25 ኪሎ በላይ የቀነሰም አለ፣ ጭራሽ የጨመረም አለ።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ደም መርምሮ፣ ጂን አይቶ፣ ዓመት ሙሉ ተከታትሎ ያልቻለውን፣ አንድ አፕ «ማታ ማታ ጣፋጭ ያምርዎታል?» ብሎ ጠይቆ ቻልኩት ይለናል። ከከፈላችሁ በኋላ ደግሞ «የምራቅ ምርመራ ይጨምሩ፣ ፕሮግራምዎ በጂንዎ ይስተካከላል» የሚል ሌላ ሒሳብ ይመጣል። እሱን በጭራሽ አትንኩት።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 የወጣ ሌላ ጥናትም ነበር። 160 ሰዎች በጊዜው ስመ ጥር ከነበሩት አራት የአመጋገብ ዓይነቶች በአንዱ ተመደቡ። ከዓመት በኋላ አራቱም የሰጡት ውጤት ተቀራራቢ ነው፣ ያውም ትንሽ። ማን ብዙ ቀነሰ ሲባል፣ የትኛውን ያዘ ሳይሆን የያዘውን ምን ያህል ጸንቶበት ቆየ የሚለው ነው የለየው። ከአሥሩ አራቱ ገደማ መንገድ ላይ አቋርጠዋል።

ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ገንዘብ ተመላሹ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ግን ስለ ሙከራው ሳምንት። በርካሽ የሚሰጧችሁ የመጀመሪያው ሳምንት ለምን ሳምንት እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ምግብ በተለይ ካርቦሃይድሬት በድንገት ስትቀንሱ፣ ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያስቀመጠውን ግላይኮጅን የሚባል ስኳር ማውጣት ይጀምራል። የአንድ ጤነኛ ሰው ክምችት ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። እያንዳንዱ ግራም ግን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስኳሩ ሲያልቅ ውኃው አብሮ ይወጣል። ሚዛን ላይ ስትወጡ ሁለት ኪሎ ጠፍቷል። ስቡ ግን አብዛኛው እዚያው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ነው። «በሳምንት 5 ኪሎ ስብ» ብሎ ቃል የሚገባ ሰው በሳምንት 38,500፣ በቀን 5,500 ካሎሪ ጉድለት ቃል እየገባላችሁ ነው። አብዛኛው ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያቃጥለው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ግማሽ ቢሆን ነው። ምንም ሳይበሉ ቢውሉ እንኳ አይሞላም! ስለዚህ ሙከራው የሚያልቀው ውኃው ወጥቶ ሚዛኑ ሲያስደስታችሁ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ሙሉው ክፍያ ከካርዳችሁ ይቆረጣል። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ሚዛኑ ቀጥ ሲል ገንዘቡ ሄዷል።

አሁን ወደ ዋስትናው። «ካልቀነሱ ገንዘብዎ ይመለሳል» በትልቁ ተጽፏል። በትንሹ የተጻፈውን እህቴ ናት ፈልጋ ያገኘችው። የእያንዳንዱን ምግብ መመዝገብ፣ በየሳምንቱ ተመዝኖ ፎቶ መላክ፣ አንድም ቀን ሳይዘሉ መከተል፣ ጥያቄውንም በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ብቻ ማቅረብ። አንድ ቀን ከዘለላችሁ ዋስትናው የለም። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። ዳይት የሚከሽፈው ሰው መከተል ስለሚያቅተው ነው። ሻጩም ይህንኑ አሳምሮ ያውቃል። ዋስትናውንም በዚያው ላይ አስሮታል። ፕሮግራሙ ላልሠራለት ሰው ዋስትናውም አይሠራለትም። ጥፋቱም በእናንተ ላይ ይወድቃል። የላኩልኝ ምላሽ «ፕሮግራሙን በአግባቡ አልተከተሉም» የሚል ነበር።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ሌላ ነገር፣ አፑን ከስልክ ላይ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። ደንበኝነቱ ራሱን እያደሰ ይቀጥላል። በስልኩ የአፕ መደብር በኩል ከከፈላችሁ እዚያው ደንበኝነት የሚለው ቦታ ገብታችሁ ሰርዙት፤ ሙከራው ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው። በድረ ገጽ ካርድ አስገብታችሁ ከሆነ ግን መደብሩ ውስጥ አታገኙትም። ከሻጩ ገጽ ላይ መሰረዝ አለባችሁ፣ ቁልፉም ሆን ተብሎ ተደብቋል። ባይገኝ በኢሜይል «ሰርዙልኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከካርዴ እንድትቆርጡ አልፈቅድም» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑ ያለበት ማስረጃ ይሆናችኋል። የከፈላችሁበትን ገጽ፣ ዋስትናውን፣ የተስማማችሁበትን ዋጋ ስክሪንሾት አንሱ። በኋላ ገጹ ይቀየራል።

ገንዘብ ብቻ ቢሆን እንኳ እንተወው ነበር። ከሳምንት በኋላ ሻይና እንክብል መሸጥ ይጀምራሉ። «ሰውነት የሚያጸዳ» የሚባለው ሻይ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሴና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለ። ሴና የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የምግቡ ካሎሪ ደግሞ አብዛኛው ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ አልቋል። የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። አብዝቶ የጠጣ ሰው ፖታሲየም ያንሰዋል፤ ይህ ለልብ አደገኛ ነው።

እንክብሉ ይብሳል። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት ቀናሽ መድኃኒት ነበር። የልብ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ የበለጠ እንደሚያጋልጥ በጥናት ስለታየ በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» እየተባሉ በሚሸጡ የማቅጠኛ እንክብሎች ውስጥ ደጋግሞ አግኝቶታል። ማሸጊያው ላይ ግን አይጻፍም። ዲኤንፒ የሚባለውም አለ፤ በ1938 አሜሪካ ለሰው አይሆንም ብላ ያገደችው ኬሚካል ነው። ዛሬም በኢንተርኔት ይሸጣል፣ ዛሬም ይገድላል። ሐኪም የሚያዛቸው አዳዲሶቹ የክብደት መርፌዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱንም ቢሆን ከማያውቁት ሻጭ መግዛት አይገባም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ከእነዚሁ መርፌዎች አንዱ ስለሆነው ሴማግሉታይድ ሐሰተኛ ምርት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ሁሉ ጥያቄ መሐል «መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚል አልነበረም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርዱ አንዳንድ እንክብሎችን የሚወስድ ሰው ምግቡን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የግፊት መድኃኒትም ክብደት ሲቀንስ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። በጣም በፍጥነት መቀነስ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች የሚባለው አመጋገብ በሐኪም ክትትል ካልሆነ አይሞከርም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም አሳልፋችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ሐኪም አናግሩ።

«እሺ፣ ምን እናድርግ?» ለሚለው፣ አዲስ ሚስጥር የለኝም። የሚሠራው ነገር አሰልቺ ነው፣ ለዚህም ነው ማስታወቂያ የሌለው። ከዓመት በኋላም ልትበሉት የምትችሉትን ዓይነት አመጋገብ ምረጡ። ከለመዳችሁት ምግብ ተነሱ፣ መጠኑን ቀንሱ፣ ፕሮቲንና አትክልት ጨምሩበት፣ የሚጠጣ ስኳር ተዉ። በፋብሪካ ብዙ የተቀነባበረውን መቀነስም ቁም ነገር አለው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት አስገብተው በፈለጉት መጠን እንዲበሉ አደረጉ። ሁለቱን ሳምንት በብዙ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለቱን ሳምንት ያልተቀነባበረ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፣ አንድ ኪሎ ገደማም ጨመሩ። አብልጣችሁ ብሉ ያላቸው ግን አልነበረም።

ሰዓት እየጠበቁ መብላትስ? ለሚስማማው ጥሩ ነው። ግን በ2022 የወጣ የአንድ ዓመት ጥናት ካሎሪ የቀነሱ 139 ሰዎችን ሲያነጻጽር፣ በስምንት ሰዓት ውስጥ ብቻ የበሉትና በፈለጉት ሰዓት የበሉት መሐል የጎላ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ የጾም ሰዓት ለሚቆጥር አፕ አትክፈሉ። ስልካችሁ ሰዓት አለው።

ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከሆነ ደኅና ነው። ግቡም ግራፉ ላይ የሳሏችሁ ቁጥር መሆን የለበትም። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4.5 ኪሎ፣ ማለትም 5 በመቶ ቢቀንስ፣ ለደም ግፊትና ለደም ስኳር ጥቅሙ በምርመራ የሚታይ ነው። ይህን የሚነግር ማስታወቂያ አላየሁም። አምስት በመቶ አይሸጥማ።

መክፈል የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ለሰው ክፈሉ። ፈቃድ ያለው የሥነ ምግብ ባለሙያ ስሙንና ፈቃዱን ያሳያል፣ ስለምትወስዱት መድኃኒት ይጠይቃል፣ ቀን ቆርጦ ኪሎ ቃል አይገባም። አፕ ከሆነም ከመክፈላችሁ በፊት የአንድ ሳምንት ፕሮግራም አሳዩኝ በሉ። የማያሳይ ከሆነ ዝጉት።

የእኛን ጉዳይ ለጠየቃችሁኝ፣ የመጀመሪያው ክፍያ አልተመለሰም። ሁለተኛው የተቆረጠው ከስረዛው ኢሜይል በኋላ ስለነበር ኢሜይሉን ለባንክ አሳይተን አስመልሰናል። እናንተም ከሰረዛችሁ በኋላ የካርዳችሁን መግለጫ ለሁለትና ሦስት ወር ተከታተሉ። ክፍያው በሌላ ድርጅት ስም ነው የሚመጣው፣ በአፑ ስም ብትፈልጉ አታገኙትም።