የዓባይን ድልድይ በማታ ለማየት ለምትሄዱ

ከቨርጂኒያ ባሕር ዳር የሄድሁት ለእናቴ ሙት ዓመት ነበር፤ ጉብኝት አላሰብሁም። ዘመድ ሁሉ ግን «ድልድዩን በማታ ሳታዪ እንዳትመለሺ» አለኝ።

ማረፊያዬን የያዝሁት በኢንተርኔት ነው። «ዓባይን የሚያይ ክፍል» ብዬ የከፈልሁበት መስኮት የሚያየው የጎረቤት ቆርቆሮ ሆነ። ሁለት ማታ መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩ ነዳጅ የለውም ተባልሁ። ሠራተኞቹ ጨዋ ናቸው፣ እነሱን አልወቅስም። ከአምስት ሁለት።

ባጃጁ ግን ሙሉ አምስት! ሾፌሩ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ድልድዩ ጋ አውርደኝ ስለው «እትዬ፣ ከላዩ ቆመው ምኑን ያዩታል? ከዳር ነው እንጂ» አለኝ። እኔ ግትር ነኝና መጀመሪያ በእግሬ ተሻገርሁት። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፤ ግንቦት 2016 ሲመረቅ በስልክ ሳየው ይህን ያህል አልመሰለኝም ነበር። ለእግረኛና ለብስክሌት የራሱ መንገድ አለው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ዱሮም የብስክሌት አገር ናት። አጠገቡ ባለው አሮጌ ድልድይ ላይ በልጅነታችን ቆም ካልን ዘበኛ ይጮህብን ነበር፤ ካሜራማ አይታሰብም። አሁን በአዲሱ ላይ ስልኩን ያላወጣ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ወደ ዳር ወረድን። ልጁ ልክ ነበር። ዓባይ እዚህ ገና ከጣና መውጣቱ ነው፣ አይቸኩልም፤ ጢስ ዓባይ ላይ የሚያጓራው ይኸው ውኃ ነው ቢሉት ማን ያምናል? ከአጫጭሮቹ ምሰሶዎች የተዘረጉት ገመዶች ብርሃናቸው ውኃው ላይ ሳይሰበር ይተኛል፤ ድልድዩ ከላይም ከታችም ሁለት ይሆናል። የቀለሙ መፈራረቅ ግን በዝቶብኛል፤ ሠርግ ቤት ያስመስለዋል። ነጩ ብቻ ቢበቃ እላለሁ።

እራት አሣ ጥብስ በላሁ። ቆሮሶው ትኩስ፣ አዋዜው የሚያስነጥስ፤ አስተናጋጇ ግን «ከውጭ ነው የመጡት?» ካለችኝ በኋላ የመጣው ሒሳብ ጎረቤቴ ጠረጴዛ ላይ ከነበረው ጋር አንድ አልነበረም። ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፣ ሰማዩ ሳይጠቁር መብራቱ ሲበራ ታያላችሁ። ባጃጅ ማምሸት አይወድም፤ መመለሻችሁን ተነጋገሩ። እኔ የልጁን ሒሳብ ቤት እስክደርስ ይዤ ያቆየሁት ለዚያ ነው፤ እሱም ገብቶት ሲስቅብኝ ነበር።