አልጌ የሚበላው ነጩ አሳ (አልቢኖ ብሪስልኖዝ ፕሌኮ)፣ ሐዋሳ ላይ ልትገዙ ላሰባችሁ

ቤቴ ካሉት አሳዎች ሁሉ በጣም የምወደው ይሄንን ነው፣ ግን ሱቅ ላይ ስለሱ የሚነገረው ግማሹ ልክ ስላልሆነ አሳው ብዙ ሰው ቤት ያለ ጥፋቱ ይሞታል፣ ያ ነው የሚያናድደኝ።

ስራው ምርጥ ነው። የአኳሪየሙ (የአሳ ማኖሪያው ሳጥን) መስታወት ላይ የያዘውን አረንጓዴ አልጌ ልጥፍ ብሎ እየፋቀ ያነሳዋል፣ ጠጋ ብላችሁ ከውጪ ስታዩት ክብ የሆነው አፉ ሳያርፍ ከፈት ከደን ይላል። መልኩ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚሄድ ነው፣ አይኑ ቀይ፣ ወንዱ ሲያድግ አፍንጫው ላይ ቅርንጫፍ ያለው ጺም ያወጣል። ከሐይቃችን አምባዛ ጋር በሩቁ ይዛመዳል፣ የሱ አገር ግን ደቡብ አሜሪካ ነው።

እኔ የገዛሁበት ሱቅ "ምግብ አያስፈልገውም፣ የሌሎቹን ቆሻሻ ይበላል" ነው ያለኝ። በፍጹም! የአሳ ኩስ አይበላም፣ እንደውም ራሱ ብዙ ነው የሚያራው፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን መቀየር ግድ ነው። አልጌው ሲያልቅ ደግሞ ይራባል። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ዝኩኒ ወይ ኪያር ቆርጣችሁ በሹካ ወግታችሁ ወደ ታች ስደዱለት፣ ጠዋት ልጣጩ ነው የሚቀረው፣ የተረፈውን ግን አውጡት ውሃውን ያበላሻል። የሚፍቀው እንጨትና የሚደበቅበት ዋሻ ነገርም ይፈልጋል፣ ቀን ተደብቆ ነው የሚውለው፣ ኃይለኛ መብራት አይመቸውም።

መብራት ሄዶ ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ሲቆም ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲጎርስ ካያችሁት ውሃው ውስጥ ኦክስጅን አንሷል ማለት ነው፣ በባትሪ የሚሰራ ኤር ፓምፕ ካላችሁ ቶሎ አብሩለት።

ስትገዙ ዓይነቱን ጠይቁ። ብሪስልኖዝ ከ10 እስከ 13 ሴንቲሜትር ደርሶ ያቆማል፣ ተራው ፕሌኮ ግን ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል፣ እሱም አልቢኖ አለው፣ በልጅነታቸው ደግሞ ይመሳሰላሉ። 100 ሊትር አካባቢ የሚይዝ አኳሪየም ካላችሁ ብሪስልኖዙ ይበቃችኋል፣ ሁለት ወንድ ግን አንድ ላይ አታድርጉ ይጣላሉ። መስታወት ላይ ሲለጠፍ ሆዱን እዩት፣ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ሲራብ የከረመ ነውና ሌላ ምረጡ።