ለአምስት ጓደኛሞች አምስት ባለ 26፦ ከቤዛዊት ዳገት እስከ ዘጌ አቧራ

የምንገመግመው ባሕር ዳር ሱቆች ደጃፍ ተደርድሮ የሚታየውን ተራውን የተራራ ብስክሌት ነው። ቸርኬው ባለ 26 ኢንች፣ ማርሹ ፊት 3 ኋላ 7 (21 ማለት ነው)፣ የፊት ፎርኬታው ሞላ ያለው፣ ክብደቱ ከ15 ኪሎ ብዙ የማያንስ። ለጎረምሳ እንደሚሆን የታወቀ ነው። ጥያቄው ሃምሳን ያለፉ አምስት ጓደኛሞች እቁብ ገብተው በየተራ ቢገዙት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው እየወጡ እስኪያረጁ ይሸከማቸዋል ወይ ነው። ይሸከማቸዋል፤ እንደመጣ ግን አይደለም።

አምስቱም አንድ ዓይነት ይግዙ። አንዱ ባለ 29፣ ሌላው ባለ 27.5 ይዞ ከመጣ የአንዱ ካላማዳሪያ ለሌላው በትክክል አይገጥምም፤ መንገድ ላይ ደግሞ ጓደኛ የሚለካው በያዘው መለዋወጫ ነው። ሲገዙ ጎማው ጎን ላይ 559 የሚል ቁጥር ይፈልጉ። 26 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የድሮው 26 በ1⅜ ቸርኬ ልኩ 590 ስለሆነ የዚህን ጎማ አይቀበልም።

ዋናው ችግር ማርሹ ነው። ብዙውን ጊዜ የፊቱ ትንሹ ጥርስ 24፣ የኋላው ትልቁ 28 ነው። በዚህ ማርሽ አንድ ዙር ፔዳል 1.75 ሜትር ገደማ ያስኬዳል፤ በደቂቃ 60 ዙር ሲረገጥ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይሆናል። ጠፍጣፋው ከተማ ውስጥ ይህ ማርሽ ሥራ የለውም። ቤዛዊት ዳገት ላይ ግን ያልለመደ የሃምሳ አምስት ዓመት ጉልበት 60 ዙር መርገጥ ያቅተውና ወደ 40 ይወርዳል፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ ጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። መፍትሔው የኋላውን ጥርስ ባለ 34 ማድረግ ነው፤ አንድ ዙር ወደ 1.45 ሜትር ይወርዳል፣ እግር ቶሎ ቶሎ ቢዞርም ቀሎት ይዞራል። ከመቀየሩ በፊት የኋላው ማርሽ ቀያሪ ክንድ ይታይ። አጭር ከሆነ 34ን አይቀበልም፣ እሱም አብሮ ይቀየራል። ካቴናውም ረዘም ማለት አለበት። በአሮጌው ካቴና ልክ ከተተወ፣ የፊቱ ትልቁ ጥርስ ከኋላው ትልቁ ጋር የገባ ቀን ቀያሪውን ነቅሎ ራጂ (የቸርኬው ሽቦ) ውስጥ ይከተዋል።

ሁለተኛው የኋላ ፔርኖ ነው። የኋላው ጥርስ ሞዮው (የቸርኬው እምብርት) ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚታሰር ከሆነ፣ የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀርና የፔርኖው ቀኝ ጫፍ ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጉድጓድ ሲያስገባው ይጣመማል፣ ውሎ አድሮም ይሰበራል። ሱቅ ውስጥ ሳይከፍሉ የሚታወቅበት ዘዴ አለ፦ የኋላውን ቸርኬ አስፈትቶ ፔርኖውን በጣት ማዞር። ጫፉ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ጣሟል። ከአምስቱ ከባዱ ሰው ሞዮውን በካሴት ዓይነት (ጥርሱ ተሰክቶ የሚገባበት፣ የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ጫፍ የሚጠጋበት) ቢያስቀይር ገንዘቡ አይባክንም።

ፍሬን ላይ ብዙ አንልም። ቸርኬ የሚይዘው ፍሬን በክረምት ጭቃ ይደክማል፣ የፍሬኑን ጎማ ግን የትኛውም ሠራተኛ ይቀይረዋል። በሽቦ የሚሠራው ዲስክ የተሻለ ይይዛል፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን የፍሬን ሸራው መለዋወጫ እዚያው ሱቅ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ።

ካቴና በማስመሪያ ይለካል። ከፒን እስከ ፒን 24 ክፍተት አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 ሲደርስ ካቴናውን ብቻ ይቀይሩ። 308 እስኪደርስ ከጠበቁ ጥርሱንም በልቶታል፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ዳገት መሐል ይዘላል፣ የሚወድቀውም አጥንቱ ቶሎ የማይገጥም ሰው ነው።

የጎማ አየር የጎሚስታ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል፣ ያ ደግሞ ስሕተት ነው። ጎሚስታው ባጃጅ የሚሞላ ይመስል ድንጋይ አድርጎ ይለቀዋል። ለዘጌ ልሳነ ምድር ኮረኮንች ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ለአስፋልት ከ40 እስከ 45 ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን መንቀጥቀጡን የሚውጠው የእጅ አንጓና ወገብ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትንሿ ጣትና ቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። ጎማው ልክ ሆኖም ከደነዘዙ መሪው ከፍ ይበል።

ኮርቻው በግምት አይታሰር። ጫማ አውልቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ የእግር ውስጥ ርዝመት ይለካና በ0.883 ይባዛል፤ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውጤቱ 70.6 ነው፣ ሁለቱ የፔዳል ክንዶች ከሚታሰሩበት ፔርኖ መሐል እስከ ኮርቻው አናት። ጉልበቱን ከኋላ በኩል ለሚያመው ከዚህ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እየቀነሱ መሞከር ነው። በጣም ዝቅ ያለ ኮርቻ የጉልበት ቀንደኛ ጠላት ነው። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ላይ ካየ ብልት ይደነዝዛል፤ ሽማግሌዎች ይህንን ለጓደኛም አይናገሩም፣ ዝም ብለው ብስክሌቱን ይተዋሉ። ልኩ ሲገኝ ኮርቻ መያዣው ብረት ላይ በቴፕ ምልክት ይደረግ፣ የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደልም ይጻፍበት።

ለመውጣት ጥሩው ሰዓት ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ ጣና ነፋሱን ይለቃል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳይጠይቁ ከከተማ አይወጣም። ፍጥነቱን የሚወስነው ኋለኛው ሰው ነው፣ መለኪያውም ወሬ፦ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ ማውራት ያቃተው ካለ ሁሉም ይቀንሳል። የጾም ቀን ሳይበላ የሚወጣ ሰው፣ በተለይ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ያዞረዋል፤ ያን ቀን ከከተማ ሳይወጡ ሐይቁ ዳር ዞሮ መግባት ነው። በሌላው ቀን ቆሎና በሶ፣ ውኃ ለእያንዳንዱ አንድ ሊትር።

ደረቱን ጫን ያለው፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሄደበት፣ ቀዝቃዛ ላብ ያላበው ሰው «ትንሽ ልረፍና እነዳለሁ» ቢል አይሰማም። ይቀመጣል፣ ባጃጅ ወይም መኪና ይጠራል፣ አምቡላንስ በ907 ይደወላል። ተዝለፍልፎ ወድቆ መተንፈስ ካቆመ የደረቱ መሐል በሁለት መዳፍ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። የሚጫነው ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለሚደክም ይፈራረቃሉ። ለዚህ አምስት መሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ ይደውላል፣ አንዱ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ያስቆማል።

እቁቡን ሲጀምሩ ሌላም ነገር ይነገር። ደርሶት ብስክሌቱን ከወሰደ በኋላ የሞተ ሰው ቀሪ መዋጮ ዋሱ ላይ እንዳይወድቅ፣ ወይም ቤተሰቡ በለቅሶ ላይ እንዳይጠየቅ፣ አራቱ እንደሚከፍሉለት ከመጀመሪያው ይጻፍ። ብስክሌቱም ግድግዳ ተደግፎ አይቅር። በጎማው ላይ ቆሞ አየሩ ሲያልቅ የጎማው ጎን ይሰነጠቃል፣ ካቴናው በአንድ ክረምት ይዝጋል። ከአርባው በኋላ ቤተሰቡ ከፈቀደ ካቴናው ዘይት ይቀባ፣ ጎማው 40 ይሞላ፣ ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ ቅዳሜ ይዞት ይምጣ። ኮርቻውን ለራሱ ልክ ዝቅ ያድርገው፣ አዲስ ቴፕም ከታች ይለጥፍ። የላይኛውን ቴፕ ማንም አይላጠው።