ከቱሉ ዲምቱ የገዛሁት ካልኩሌተር፦ የሚችለውና የማይችለው

ሳይንቲፊክ ካልኩሌተሩን ለታናሽ ወንድሜ የገዛሁት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለች ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። ከመርካቶ ዋጋ ትንሽ ጨመር ይላል፤ የታክሲውን ሰልፍና እንግልት ስታስቡት ግን ያዋጣል። ባለሱቋ ከማሸጊያው አውጥታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫነች አሳየችኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ የማይሠራው የለም» አለችኝ። አለ እንጂ! ቆይ ልንገራችሁ።

ለትምህርት ቤት ሥራ አሪፍ ነው። ቁልፎቹ አይጣበቁም፣ ክፍልፋዩን ልክ ደብተር ላይ እንደሚጻፈው ያሳያል። እኔ የወደድኩት ግን ከአንዱ ቁልፍ በላይ የተጻፈችውን ፋክት ነው። ቁጥር ጽፋችሁ «እኩል ይሆናል»ን (=) ትጫናላችሁ፣ ከዚያ ሺፍትና ፋክት፤ በቃ፣ ቁጥሩን ወደ ፕራይም ፋክተሮቹ፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ ወደማይካፈሉ አባዢዎቹ ይበትንላችኋል። 360 ስትሉት 2³×3²×5 ብሎ ቁጭ።

እስቲ ጠንከር ያለ ልስጠው ብዬ 4294967297 አስገባሁ። ይህ 2 በ32 ከፍ ብሎ 1 ሲደመርበት የሚመጣ ቁጥር ነው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ፕራይም ነው ብሎ ነበር፤ ሌላው ሊቅ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 ለ641 እንደሚካፈል አሳየና ነገሩ ፈረሰ። ካልኩሌተሩም 641×(6700417) አለኝ። ቅንፏን ልብ በሉ። መሣሪያው የሚፈልገው እስከ 3 አሃዝ ያላቸውን ፕራይሞች ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ሳይነካ በቅንፍ ያስቀምጠዋል። 6700417 ራሱ ፕራይም ነው፣ እሱ ግን አይነግራችሁም። ቢያንስ አይዋሽም። ከ10 አሃዝ በላይ ከሆነ ደግሞ ፋክት ጭራሽ አይሠራም።

ያናደደኝ ሌላው ነው። 2⁶⁷−(2⁶⁷−1) ብላችሁ ጻፉለት። መልሱ 1 እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እሱ 0 ይላል! 2⁶⁷−1 ማለት 147573952589676412927 ነው፣ 21 አሃዝ፤ መሣሪያው የሚይዘው ከፊት ያሉትን 15 ገደማ ብቻ ስለሆነ ጭራ ላይ ያለችው 1 ትበላለች። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም 1.475739526×10²⁰ ናቸው።

ደግሞ ይህ ቁጥር እንዲህ ተቆርጦ የሚታለፍ አይደለም። ሉካስ የሚባል የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1876 ፕራይም አለመሆኑን ያረጋገጠው አንድም ፋክተር ሳያገኝለት ነው። ሊካፈል እንደሚችል ታውቃላችሁ፣ በምን እንደሚካፈል ግን አታውቁም፤ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል የሚባል አሜሪካዊ ኒውዮርክ ውስጥ በሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ተነሣና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሰሌዳው ላይ 193707721ን በ761838257287 አባዛ፣ ያው ቁጥር መጣ፣ ሄዶ ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበለት። ማባዛቱን ወንድሜም ወረቀትና ትዕግሥት ካለው ይሠራዋል። ኮል ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጎ ለማግኘት ግን የ3 ዓመት እሁዶች እንደፈጀበት ይነገራል።

ስለዚህ ፋክት ቶሎ ደከመ ብላችሁ ካልኩሌተሩን አትውቀሱት። 2¹²⁷⁷−1 የሚባለው 385 አሃዝ ያለው ቁጥር ፕራይም እንዳልሆነ ተረጋግጧል፣ እስካሁን ግን አንድም ፋክተሩ አልታወቀም። ኢንተርኔት ላይ ምሥጢር ከሚጠበቅባቸው ቁልፎች አንዱ አርኤስኤም የቆመው ትልቅ ቁጥርን ወደ ፋክተሮቹ መበተን ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። ለውድድር ከቀረቡት የአርኤስኤ ቁጥሮች ባለ 250 አሃዙ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ፋክተሮቹ ተፈታ፣ ያውም በብዙ ኮምፒውተሮች ጉልበት፤ ባለ 617 አሃዙ ንክች አላለም።

የኔ ቅሬታ አሃዝ መቁረጡ ላይ ነው። ትልልቅ ቁጥር መነካካት የሚወድ ልጅ ካላችሁ ስልኩ ላይ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጫኑለት፤ ነፃ ነው፣ 21ዱንም አሃዝ አንድ ሳያጎድል ይጽፈዋል። ለክፍል ሥራ ግን ይሄኛውን ግዙ። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም፣ ጠይቁ።